«ነዳጅ ይቁም» ከተባለ ባጃጄን ልሽጥ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት የቤንዚን ባጃጅ አለው። አንዱን ራሱ ይነዳል፣ አንዱን በቀን ገቢ ለሹፌር ሰጥቷል። አባቱ ፎገራ ላይ በሞተር ፓምፕ ሽንኩርት ያለማሉ። «በየስብሰባው ነዳጅ ይቁም ይላሉ። በተግባር የሚሆን ነገር ነው ወይስ የሀብታም አገር ወሬ? እኛስ ምን አጥፍተን ነው? አንዱን ባጃጅ ሸጬ በኤሌክትሪክ ብተካው እከስራለሁ? መብራቱ እንደሆነ ታውቀዋለህ» ይላል።

ወንድሜ፣ ከጥያቄዎችህ ሁሉ የከበደችኝ ያቺ የመጨረሻዋ ናት። «መብራቱ እንደሆነ ታውቀዋለህ» ያልካት። አዎ፣ አውቀዋለሁ። ኤሌክትሪክ እንጀራዬ ከሆነ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን መልስ ስጽፍ እንኳ ሁለቴ ጠፍቶብኛል። ስለዚህ ከስብሰባው ይልቅ ከሽቦው በኩል ልመልስልህ። ግን ስብሰባውንም ጠይቀሃልና በእሱ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ዱባይ ላይ በተደረገው ኮፕ 28 በሚባለው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አገሮቹ ቃል ሲመርጡ ነው የሰነበቱት። «ይቁም» ይባል ያሉ ነበሩ። ነዳጅ ሻጮቹ በጄ አላሉም። በመጨረሻ የተስማሙበት ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ደረጃ በደረጃ «መራቅ» የሚል ነው። በ2025 ብራዚል ላይ ደግሞ «የምንርቅበት መንገድ ይነደፍ» ያሉ አገሮች ብዙ ነበሩ፤ የመጨረሻው ስምምነት ውስጥ ግን አልገባም። በ2027 ኮፕ 32 አዲስ አበባ ላይ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ወደ ደጃችን እየመጣ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላጥራ። አንድ ቀን ጀበና ቡና ልጠጣ ቁጭ ብዬ ይሄው የጉባኤ ዜና በሬዲዮ ተነበበ። «ከሰልን ለማስቆም» ምናምን ይላል። ቡና የምታፈላዋ ልጅ «ታዲያ በምን ልናፈላ ነው?» ብላ ማራገቢያዋን አስቀመጠች። ዜናው የሚያወራው ከመሬት ተቆፍሮ ስለሚወጣው የድንጋይ ከሰል ነው። የእሷ የእንጨት ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ዛፍ ሲቃጠል የሚለቀው፣ ትናንት ሲያድግ ከአየሩ የወሰደውን ካርቦን ነው። መልሰህ ከተከልክ ሒሳቡ ይዘጋል። ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ግን ለሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ የኖረ ካርቦን ነው። እሱን አውጥተን ስናነደው አየሩ ላይ አዲስ እንጨምራለን። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። ምድር እንድትሞቅ ያደረገው ዋናው ይህ ነው።

ይሆናል ወይ? ላልከው፣ አንዳንዱ ሆኖ አይተነዋል። የመጀመሪያው የድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ጣቢያ በ1882 ለንደን ላይ ተከፈተ። እዚያው እንግሊዝ አገር የመጨረሻው ጣቢያ መስከረም 30 ቀን 2024 ተዘጋ። ይህ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2012 እኮ ከአገሩ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ያህሉ ከድንጋይ ከሰል ነበር። በ12 ዓመት ወደ ዜሮ! ኖርዌይ በ2024 ከተሸጡት አዲስ የቤት መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በባትሪ የሚሄዱ ነበሩ። (ያው ኖርዌይ ዘይቷንና ጋዟን ለሌላው መሸጧን አላቆመችም፤ እሱን ደግሞ ማንም አይረሳላትም።) በሌላ በኩል ዓለም ከሚጠቀመው ጠቅላላ ኃይል አሁንም 80 በመቶ ገደማው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው የሚመጣው። የፀሐይና የነፋስ ኃይል በጣም አደገ፤ ፍላጎቱም አብሮ አደገ። ስለዚህ «በአሥር ዓመት እናቆማለን» የሚልህን አትመን። «ምንም አይለወጥም» የሚልህንም አትመን። ጥያቄው የትኛው ነገር፣ የት፣ በስንት ብር የሚለው ነው። እንደዚያ ብለን ስንጠይቅ ደግሞ የአንተ ባጃጅ ቀላሉ ክፍል ላይ ትወድቃለች።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ እንበል። የቤንዚን ባጃጅ በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄድ፣ በቀን ሦስት ሊትር ተኩል ያህል ትጠጣለች። ሊትሩን 120 ብር ብንይዘው 420 ብር ነው። ይህ ከማደያ ስትቀዳ ነው። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ስትገዛ ስንት እንደሚያወጣ አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ። ሰልፉ ላይ የሚቃጠለውን ግማሽ ቀንም ቁጠረው። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ለዚያው መንገድ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች፤ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምረን 8 ተኩል እንበል። ለጥንቃቄ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር አድርገን ብናስበው 85 ብር ነው። ልዩነቱ በቀን ከ300 ብር በላይ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ቤንዚኑ ደግሞ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በተደጋጋሚ ጨምሯል። በ2017 አጋማሽ 100 ብርን አልፎ ሄደ።

ለምን ይሄን ያህል ልዩነት መጣ? የቤንዚን ሞተር ከሚጠጣው ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይበናል። ሞተሩን ከነዳህ በኋላ እጅህን አስጠግተህ እየው፤ ያ ሙቀት የከፈልክበት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከአሥር እጅ ስምንቱን፣ ዘጠኙን ወደ ሥራ ይለውጣል። ሌላም አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ግድ የለውም። ደግሞ ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጣህ በቀር ከተማዋ ሜዳ ናት። ለባትሪ ከዚህ የተመቸ ከተማ ብዙ የለም።

እዚህ ላይ ዓለምን የሚመለከት አንድ ነጥብ አለ። ሰዎች «80 በመቶውን በሙሉ በምን እንተካዋለን?» ይላሉ። ሁሉንም መተካት የለብንም። የሚባክነውን ሙቀት መተካት አያስፈልግምና። የአንተን የቤንዚን ሦስት ሊትር ተኩል ኃይል በኪሎዋት ሰዓት ብትለካው 30 ገደማ ይሆናል፤ ሥራውን ግን በ8 ተኩል ሠራኸው።

አሁን ወደ መብራቱ።

አገሪቱ ውስጥ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። ሌላ አገር የኤሌክትሪክ መኪና የሚሞላው ከድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ የኛ ከአባይና ከሌሎች ወንዞቻችን ነው። ከደጃችንም አለ። ጢስ አባይ አንደኛው በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 11 ሜጋዋት ተኩል ገደማ ነበር። ጣና በለስ በ2002 ሲመረቅ 460 ሜጋዋት ሆነ፤ የሐይቁን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይጥለዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይንና 5,150 ሜጋዋት አለው። (ይህ ንጹሕ ኃይልም በነጻ አልመጣም። ጢስ እሳት ፏፏቴን በበጋ ለማየት የመጣ እንግዳ ይዘህ ሄደህ ታውቃለህ? «ጢሱ የታለ?» ሲልህ ምን ትመልሳለህ? ውሃው በለስ ሄዷል።)

ታዲያ ይሄ ሁሉ ሜጋዋት እያለ የአንተ ሰፈር ለምን ይጨልማል? የጠላው ጋን ሞልቶ መቅጃ ጣሳ እንደማጣት ነው። ከግድቡ እስከ ባሕር ዳር ማከፋፈያ ጣቢያ ኃይሉ በ400 ሺህ ቮልት በኩራት ይመጣል። ከዚያ ወደ 15 ሺህ ቮልት ወርዶ በከተማው ውስጥ ይዞራል። መጨረሻ ላይ ሰፈርህ ያለው ትራንስፎርመር ይቀበለውና 220 አድርጎ ለየቤቱ ይሰጠዋል። ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ያረጀ እንጨት፣ የቀጠነ ሽቦ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር።

ጭነቱ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ። ከምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል። የአንድ ባጃጅ ቻርጀር አንድ ኪሎዋት ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ነው። አንዲት እናት እንጀራ ስትጋግር ሦስት ባጃጅ ሰክታለች ማለት ነው! ሰፈሩ ውስጥ 315 ኪሎ ቮልት አምፒር የሚባለው ትራንስፎርመር አለ እንበል። 90 ቤት በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢሰካ ያልቃል። የበዓል ዋዜማ «ቡፍ» ብሎ የሚሄደው ለዚህ ነው። ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት የገናና የፋሲካ ዋዜማን በሰላም ቤቴ ያሳለፍኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ለአንተ ጥሩ ዜና ነው። ባጃጅህ በምጣዱ ሰዓት መሙላት አያስፈልጋትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ምጣዱ ሁሉ ይነቀላል፤ ከዚያ እስከ ንጋት ትራንስፎርመሩ ተኝቶ ነው የሚያድረው። ያኔ ሰካት። ሰባት ስምንት ሰዓት ካገኘች ይበቃታል። ሌሊት በተከታታይ ሁለት ቀን መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንክ ግን እቅጩን ልንገርህ፣ አትግዛ። ወይም ሌላ ሰፈር ባጃጇ የምታድርበት ዘመድ ቤት ካለህ ብቻ ግዛ። ለአንድ ወር ያህል ሌሊት ሌሊት የጠፋበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፍ። ያ ደብተር ከየትኛውም ባለሙያ የተሻለ ይመክርሃል።

አንድ ሰው «ሲጠፋ በጄነሬተር እሞላለሁ» ሲል ሰምቻለሁ። በፍጹም። ትንሽ ጄነሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ቢያወጣልህ ነው። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 40 ብር ገባ ማለት ነው። በቀን 340 ብር፣ የጄነሬተሩ መግዣና ጥገና ሳይቆጠር። ከዚህስ ቤንዚን ባጃጅህን ይዘህ መቀመጥ ይሻላል።

ባትሪው ላይ ደግሞ ቆም እንበል፣ ሰው የሚከስረው እዚህ ነውና። የአሲድ ባትሪ የያዘች ባጃጅ በርካሽ ታገኛለህ። በየቀኑ ሞልተህ ባዶ የምታደርገው ከሆነ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ቢሄድ ነው። ይኸውም አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ከምናምን። ከዚያ አዲስ ባትሪ፣ በዶላር የሚመጣ። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት 2,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሞላል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን አምስት ዓመት ያሠራሃል። ሻጩ «ሊቲየም ነው» ካለህ የትኛው ሊቲየም እንደሆነ ጠይቀው። ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበል። እዚሁ ከተማ ውስጥ ባትሪውን ከፍቶ አንዷን የሞተች ሴል መቀየር የሚችል ሰው መኖሩን ካላረጋገጥክ ገንዘብህን አታውጣ። ጋራዥ ሞልቶልናል፤ ባትሪ የሚያውቅ ግን ገና ነው።

የአባትህ ፓምፕ ከባጃጁ ይበልጥ ይስበኛል። ሰው ስለ መኪና ብቻ ያወራል እንጂ፣ ነዳጅ ገበሬውን የያዘበት ቦታ ፓምፑ ነው።

ፎገራን አውቀዋለሁ። የጉማራና የርብ ወንዝ ዳር በበጋ ስትሄድ ከወፍ ድምፅ ይልቅ የሞተር ድምፅ ነው የምትሰማው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ አምስት በርሜል ማለት ነው፣ 10 ሜትር ከፍ ለማድረግ ፊዚክሱ የሚጠይቀው 0.027 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። እዚህ ግባ የማይባል። አሮጌው የቤንዚን ፓምፕ ግን ከሚጠጣው ወደ ውሃው የሚያደርሰው አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ሊትር 30 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣል። ለአንድ ቃዳ ሽንኩርት፣ ለሩብ ሄክታር ማለቴ ነው፣ በቦይ የሚባክነውን ጨምረን በአንድ በጋ 2,000 ሜትር ኩብ ብንይዝ ከ65 ሊትር በላይ ነው። በማደያ ዋጋ 8 ሺህ ብር ገደማ። ገጠር ድረስ በጄሪካን የሚደርሰው ግን በማደያ ዋጋ አይደለም።

አንድ ኪሎዋት የፀሐይ ፓነል ብትተክልስ? በኛ ሰማይ በበጋ በቀን አምስት ኪሎዋት ሰዓት ይሰጥሃል። ከዚያ በፓምፑ በኩል 40 በመቶው ውሃ ያነሣል ብንል በቀን 70 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ100 ቀን 7,000። ሦስት ቃዳ ያጠጣል። ደግሞ ሽንኩርት ውሃ የሚጠማው ፀሐይ በበረታበት ወቅት ነው፤ ፓነሉም የሚበረታው ያኔ ነው። ባትሪ እንኳ አያስፈልግም፤ ውሃውን ኩሬ ውስጥ አከማችተህ ማታ ትለቀዋለህ። የፓነል ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በዓለም ገበያ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ፓነል የሳተላይት ዕቃ ይመስለን ነበር።

ታዲያ ለምን ሁሉም አልተከለም? ገንዘቡ። ቤንዚንን በሃይላንድ፣ በጄሪካን እየቆራረጥክ ትገዛለህ። በፀሐይ ግን የሃያ ዓመቱን ነዳጅ ባንድ ቀን ክፈል ትባላለህ። ሀብታም አገር ባንክ ሄዶ በትንሽ ወለድ ይበደራል። አባትህ ማን ያበድራቸዋል? በየጉባኤው አገሮች የሚጣሉበት «የአየር ንብረት ገንዘብ» የሚባለው ነገር ሥሩ ሲገለጥ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ባኩ ላይ ያደጉት አገሮች እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገብተዋል። ታዳጊዎቹ አገሮች «ይሄ ምን ያደርግልናል» ብለው ተቆጥተው ነው የተለያዩት። እኔ የቁጥሩ ትልቅነት ብዙም አያስደንቀኝም። ሦስት ጎረቤት ገበሬዎች ተጣምረው አንድ ፓምፕ በሦስት በጋ የሚከፍሉበት ብድር ፎገራ ድረስ ካልወረደ፣ ባኩ ላይ የተባለው ባኩ ይቀራል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የፀሐይ ፓምፕ ዲዛይን ሠራሁ። ወንዝ ዳር ሄጄ ልኬት የወሰድኩት በኅዳር ነው። ወንዙ ጠግቧል። ከፓምፑ እስከ ውሃው አራት ሜትር። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ተተከለ፣ ተመረቀ፣ ድፎ ተቆረሰ። በመጋቢት ተደወለልኝ። ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሃ የለም። ስደርስ ወንዙ ሦስት ሜትር ወርዶ ጠብቆኛል። ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ በኛ ከፍታ በወረቀት ላይ 8 ሜትር፣ በተግባር 6 ሜትር ቢስብ ነው። ያን አውቃለሁ፤ ተምሬዋለሁ፤ አስተምሬዋለሁም። ገበሬዎቹ ፓነሉ ጥላ ሥር የድሮውን የቤንዚን ሞተር አምጥተው ያጠጣሉ። አንድ አዛውንት «ኢንጂነር፣ ወንዙን በኅዳር ጠይቀኸው በመጋቢት እንዴት ይመልስልህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በኋላ ውሃ ውስጥ በሚጠልቅ ፓምፕ ተካነው፤ ሽንኩርቱ ግን ያን በጋ አመለጠ።

ሌላው ስጋቴ ተቃራኒው ነው። ቤንዚን ውድ ስለሆነ ገበሬው ሞተሩን ቶሎ ያጠፋል። ፀሐይ ነጻ ናትና ማን ያጠፋዋል? ሁሉም ከጠዋት እስከ ማታ ቢስብ ጉማራ በሚያዝያ ሐይቁ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ የውሃ ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት ያለበት ቦታ ላይ ነው ፀሐይ የሚያምረው።

አስቸጋሪዎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ሲሚንቶ አለ። ምድጃው እስከ 1,450 ዲግሪ መጋል አለበት፣ እሱ በድንጋይ ከሰል ነው የሚነደው። ምድጃውን በኤሌክትሪክ ብትተካው እንኳ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲግል ካርቦን ይለቃል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጭስ ከድንጋዩ ነው። ለዚህ ዛሬ ርካሽ መድኃኒት የለም። ዩሪያ ማዳበሪያ አለ። የጎጃም በቆሎ ያለ እሱ አይታሰብም፤ የሚሠራው ደግሞ በዋናነት ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። አገራችን መስከረም 2018 ላይ ሶማሌ ክልል ያለውን የካሉብን ጋዝ ማውጣት ጀመረች፣ ማዳበሪያ ፋብሪካም መሠረቱ ተጣለ። አየህ፣ በአንድ እጃችን ቤንዚን መኪና ከልክለን በሌላው ጋዝ እየከፈትን ነው። አንዳንዱ ይሄን እንደ ግብዝነት ያየዋል። እኔ አላየውም። ማዳበሪያ በዶላር እየገዛ በየክረምቱ የሚሳቀቅ አገር ጋዙን መሬት ውስጥ ይተው ማለት፣ ኖርዌይ እየሸጠች፣ ለኔ አይዋጥልኝም። ጋዙን ለኤሌክትሪክ እናቃጥለው ከተባለ ግን እቃወማለሁ። ውሃ፣ ነፋስና ፀሐይ ያለው አገር ለምን?

ከባድ መኪናም አለ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚመጣ 40 ቶን ተሳቢ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ይወጣል። ዳገቱን ለመውጣት ብቻ፣ 1,400 ሜትር ብለን ስናሰላው፣ 150 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ የአንተን ባጃጅ ለሁለት ሳምንት ከምናምን ያስኬዳታል። ደስ የሚለው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ ባትሪ ይሞላል። የበላውን በሙሉ ባይመልስም ግማሹን ይመልሳል። ይቻላል፣ ግን ደጀን ላይ ትልቅ ቻርጀር፣ ቻርጀሩ ላይ የማይጠፋ መብራት ይፈልጋል። እስከዚያ ናፍጣው ይቀጥላል። የኤሌክትሪክ ባቡሩ ጅቡቲ ይደርሳል እንጂ ባሕር ዳር አይደርስም።

ጀልባውስ? ወደ ዘጌ የሚመላለሱት ትንንሽ ጀልባዎች በባትሪ ቢሄዱ ይችላሉ፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ተሳፋሪው ገዳሙን እስኪያይ ደግሞ መሙያ ጊዜ አለ። ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈው የቤንዚን ቅባትም ይቀር ነበር። ጎርጎራ ድረስ ግን ገና ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ባትሪ ቢያልቅ ሐይቁ ላይ ገፊ የለም። ከሁሉም የቀደመው የደንገሉ ታንኳ ነው፤ እሱ ነዳጅ ጠጥቶ አያውቅም።

«እኛስ ምን አጥፍተን ነው?» ላልከው፣ ምንም ያህል አላጠፋንም። ከዓለም የነዳጅ ጭስ የኢትዮጵያ ድርሻ ከ0.1 በመቶ በታች ነው። ነገ ባጃጆቻችን ሁሉ ቢቆሙ ሰማዩ አያውቅም። ስለዚህ ለዓለም ብለህ ባጃጅህን አትሽጥ። መንግሥት በጥር 2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለክል፣ ከዓለም ቀዳሚ ነው የተባለለት እገዳ፣ ዋናው ምክንያት የተነገረው ዶላር ነው። ቤንዚንና ናፍጣውን ሁሉ ከውጭ እናመጣለን፤ የአሰብ ማጣሪያ ከእኛ ከሄደ ቆይቷል። እኔም የምቀበለው ምክንያት ይሄንኑ ነው። መርከብ ሲዘገይ ወይ መንገድ ሲዘጋ ባሕር ዳር ላይ የሚቆመው ሥራ የአንተ ነው።

ለኛ ትልቁ ጭስ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ማዕድ ቤት። አገሪቱ ከምትጠቀመው ኃይል እጅግ የሚበዛው እንጨት፣ ኩበትና ከሰል ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ተክለው፣ በአራት አምስት ዓመት ቆርጠው አክስለው፣ መሬቱን ጤፍ ዘርተው መልሰው ይተክላሉ። ይሄን ከድንጋይ ከሰል ጋር አንድ ላይ መኮነን ስሕተት ነው። ግን ያ ጭስ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ትራንስፎርመር የመጨመር ዕድል ቢሰጠኝ ከባጃጅ ቻርጀር በፊት ለምጣድ እሰጠው ነበር።

አሁን ወደ ውሳኔህ። ሁለቱን ባንድ ላይ አትቀይር። መጀመሪያ የምትቀይረው አንተ የምትነዳትን ይሁን፤ ለሹፌር የሰጠሃትን አይደለም። ሹፌር ባትሪውን ባዶ እስኪሆን ነድቶ፣ የቀን ገቢውን ሰጥቶህ ይሄዳል፤ የሚቃጠለው ያንተ ንብረት ነው። የቤንዚን ሰልፍ ሲበዛ በኤሌክትሪኳ ትሠራለህ፤ መብራት ሲጠፋ በቤንዚኗ። የራስህን ሶኬትና ብሬከር አስፈትሽ፤ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ባትሪ ሲሞላ ሌሊት ሙሉ ይግላል፣ ቤት ያቃጥላል። በቀን የተረፈህን 300 ብር ለየብቻ አስቀምጠው፤ ለሚቀጥለው ባትሪ ነው። አንድ ዓመት ከሠራች ሁለተኛዋን እንነጋገራለን።

ለአባትህ ደግሞ ይህን ንገርልኝ። የፀሐይ ፓምፕ ልሸጥልዎት የሚል ሰው ቢመጣ እሺም እምቢም አይበሉ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ገመድ ላይ ድንጋይ አስረው፣ ከማሳቸው ዳር እስከ ወንዙ ውሃ ስንት ክንድ እንደሆነ ይለኩና ገመዱን ቋጥረው ይስቀሉት። ሻጩ ሲመጣ ገመዱን ያሳዩት።